የእትዬ ሚዛን ምላስ

ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ሚዛን ይላቸዋል። ስሙን ማን እንዳወጣላቸው አይታወቅም፤ ያወጣው ሰው ተሳስቷል የሚል ግን እስካሁን አልተገኘም። ከቤታቸው ጀርባ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል ሳሙና ሲሠሩ ዘይቱን ይመዝናሉ፣ የሚያቃጥለውን ኮስቲክ ሶዳ ይመዝናሉ፣ ውሃውን ሳይቀር ይመዝናሉ። አንድ ጎረቤት ሻይ ሊጠጣ ገብቶ «ውሃማ ውሃ ነው፣ በጆግ ቢለካስ ምን ይላል?» ቢላቸው በዓይናቸው መዘኑት። ሰውየው ሻዩን ሳይጨርስ ነው የወጣው።

ምራታቸው ደግሞ ሙሽሪት ናት። የበኩር ልጇ የወተት ጥርሱን መንቀል ጀምሯል፣ ሹፌሩ ባሏም «ሙሽሪት» ማለቱን ትቶ «አንቺ» ማለት ከጀመረ ሰንብቷል። እትዬ ሚዛን ግን በሠርጓ ማግስት ያወጡላትን ስም አልቀየሩም። እሳቸው አንዴ የለኩት ነገር ምን ሲባል ድጋሚ ይለካል?

ሙሽሪት ወደዚያ ቤት ስትገባ ሙያ ይዛ ነው። ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ሴት ደርድራ፣ ፀጉር በቢጎዲን ጠቅልላ፣ ቀለም በጥብጣ የምትውል፣ ደንበኛ የሚሻማባት ፀጉር ሠሪ ነበረች። እጇ ግን ከዳት። የፀጉር ማለስለሻው ኬሚካልና የርካሽ ሻምፖ አረፋ ተባብረው ጣቶቿን ሰነጣጠቋቸው፤ በመጨረሻ ማበጠሪያው እጀታ ላይ ደም መታየት ጀመረ። ቅባት ቀባች፣ ጓንት አደረገች፣ ሐኪም ዘንድ ሄደች፤ «ሥራ ቀይሪ» ተባለች። ሥራ ቀይሪ ማለት ለሚለው ሰው ቀላል ነው።

ያኔ እትዬ ሚዛን ብዙም ሳይናገሩ ከላይኛው መደርደሪያ አንድ ጠርዙ የተሸራረፈ ሳሙና አወረዱላት። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፣ መልክ እንኳ የለው። «በዚህ ብቻ ታጠቢ፤ ሌላ አትንኪ» አሏት። እሺ ብላ ታጠበች። ወር ሳይሞላ ቆዳዋ ተገጣጠመ። ሙሽሪት እጇን እያገላበጠች አይታ አለቀሰች፤ በማግስቱም ሽርጥ ታጥቃ ቆርቆሮዋ ክፍል በር ላይ ቆመች። እትዬ ሚዛን ቀና ብለው አዩዋትና «ጓንት አድርጊ» አሉ። የቅጥር ሥነ ሥርዓቱ ይኸው ነበር።

የቆርቆሮዋ ክፍል የራሷ አነጋገር አላት። ሶዳው በውሃ ሟሙቶ ከዘይቱ ጋር ሲማሰል ይወፍራል፤ ማንኪያውን አንስተው ሲያንጠባጥቡት ጠብታው ላዩ ላይ ጭረት ትቶ ከተኛ «መስመር ያዘ» ይባላል፣ ወደ እንጨቱ ፎርማም ይገለበጣል። በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ከውስጡ ሲግል «አላበው» ነው። የአበባ ሽታ ሲጨመርበት ባንዴ ድርቅ ብሎ ማንኪያውን ይዞ ከቀረ «አኮረፈ» ነው፤ ያኮረፈ ሳሙና ተፈቅፍቆ በቀስታ እሳት ይቀልጥና «ይታረቃል»። ሶዳው ከሚችለው በላይ ሆን ተብሎ የሚጨመረው ዘይት «ትራፊ» ይባላል፤ ቆዳን የሚያለሰልሰው እሱ ነው። ተቆርጦ መደርደሪያ ላይ እየደረቀ ሲከርም ደግሞ «ተኝቷል»፤ የተኛ ሳሙና አይነካም፣ ደንበኛ እንባ ቢያፈስም አይሸጥም። ሙሽሪት ይህን ሁሉ መጀመሪያ የሰማችው ሳቋን እየዋጠች ነበር። እያደር ግን ባሏ ፊቱን ሲያጠቁር «ይፈቅፈቅና ይታረቅ» ማለት አመጣች፤ እትዬ ሚዛን የገዛ ልጃቸው ቢሆንም ሳቁ።

የመጨረሻው ሥራ የሚሠራው በምላስ ነው። ተኝቶ የከረመው ሳሙና ሲነሳ እትዬ ሚዛን ከመሃል አንዱን ይመርጣሉ፤ ጣታቸውን አርጥበው ጀርባውን አሸት አሸት ያደርጉና የምላሳቸውን ጫፍ ያስነኩታል። ዘይት ያላገኘ ሶዳ ውስጡ ከቀረ ምላስን ንዝር ያደርጋል፤ በልጅነቱ የባትሪ ድንጋይ የላሰ ሁሉ ያውቀዋል። ካልነዘረ ጥቂት ዝም ይሉና «ይሂድ» ይላሉ፤ ከነዘረ «ይቆይ» ይላሉ። ማብራሪያ የለ፣ ክርክር የለ። ገበያ ላይ ሴቶች ሳሙናውን አገላብጠው የሚጠይቁት ዋጋውን ሳይሆን «እሳቸው ቀምሰውታል?» ብለው ነው።

ሙሽሪት ይህን ባየች ቁጥር ደረቷ ይሞላል። የሠራውን ነገር በገዛ ምላሱ የሚመሰክር ስንት ባለሙያ አለ? ጫማ ሰፊው ጫማውን አይልስ፣ አናጢው ወንበሩን አይልስ። እሷ ራሷ ስንት ሴት ጭንቅላት ላይ ምኑንም የማታውቀውን ጠርሙስ ስትገለብጥ ኖራለች። እኚህ ሴትዮ ግን የራሳቸው አፍ ውስጥ ያልገባውን ነገር ሰው ቆዳ ላይ አያሳርፉም። ባሏን ስታገባ ያገኘችው ትልቁ ነገር አማቷ መሆናቸውን ለባሏ ነግራው ታውቃለች፤ ለሦስት ቀን አኩርፏታል።

ነገሩ የመጣው ከጥርስ ነው። የእትዬ ሚዛን የኋላ መንጋጋ ጥርስ ሰላም ሲነሳቸው ከርሞ ተነቀለ። ነቀላው ከባድ ነበርና ጉንጫቸው አብጦ ሰነበተ፤ እብጠቱ ሲወርድ ሁሉም ነገር ደህና መሰለ። ሙሽሪት አንዳንድ ነገር ማየቱንስ አይታለች። ሾርባ ውስጥ ጨው ደግመው ሲጨምሩ «ረስተውት ነው» ብላ አለፈች። ከእሳት የወረደ ሻይ እፍ ሳይሉበት ጭልጥ ሲያደርጉም «ተቻኩለው ነው» ብላ አለፈች። ሰው የሚያከብረውን ሰው ሲያይ ዓይኑ ያዳላል።

በዚያው ሰሞን ሲስተር መጣች። የልጆች ሆስፒታል ነርስ ናት፤ ክፍሏ ቆዳቸው የታመመ ሕፃናት የሚተኙበት ነው። ቦርሳዋ ሁልጊዜ ክፍት፣ ጫማዋ ሁልጊዜ አቧራ የለበሰ፣ ስትቀመጥ ቁጭ ማለትን የናፈቀች የምትመስል ሴት ናት። ልጆቹ የሱቅ ሳሙና ሲነካቸው ጩኸታቸው ኮሪደር ድረስ እንደሚሰማ ነገረቻቸው። አንዷን ሕፃን ግን ከገበያ በገዛችው የእትዬ ሚዛን ሳሙና ብታጥባት ልጅቷ ማልቀስ ትታ መታጠቢያው ውስጥ እንቅልፍ ወሰዳት።

«ለሁሉም የሚበቃ ይሥሩልኝ እማማ» አለች። «ልጆቹ ውሃ ሲያዩ መፍራት እንዲተዉ ነው የምፈልገው።»

እትዬ ሚዛን እዚያው ተነስተው ዘይት መቅዳት ጀመሩ። ሙሽሪት እሳቸው ሲቸኩሉ ያየችው ያኔ ነው። የኮኮናት ዘይቱ ጀሪካን ግን ግማሽ መንገድ ላይ ተሟጠጠ፤ የሚያመጣው ነጋዴ ነገ ዛሬ እያለ ቆይቶ ነበር። እትዬ ሚዛን ጀሪካኑን ነቅነቅ አደረጉትና «የጎደለውን በሱፍ ዘይት ሙይው» አሉ። ሙሽሪት ሞላችው። መዘኑት፤ ክብደቱ ልክ ነው። ሶዳውንም እንደ ወትሮው መዘኑ፤ እሱም ልክ ነው። መስመር ያዘ፣ ተገለበጠ፣ አላበው፣ ተቆረጠ፣ ተኛ።

ሲስተር ልትወስደው በምትመጣበት ቀን እትዬ ሚዛን ማለዳ ገቡና ከመሃል አንዱን መርጠው ቀመሱ። «ይሂድ» አሉ። ሙሽሪት መጠቅለያ ወረቀቱን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ለመጠቅለል ጓንት አታደርግም፤ ወረቀቱ ይንሸራተትባታል። ጥቂት እንደጠቀለለች መዳፏን በላት። ችላ አለችው። ደግማ ደግማ እያከከች ስትቀጥል የአውራ ጣቷ መታጠፊያ ላይ ያ የድሮ ስንጥቅ አፉን ከፈተ። ሙሽሪት ያን ስንጥቅ በደንብ ታውቀዋለች፤ እንደ ክፉ ዘመድ ሳያንኳኳ የሚገባ ነው።

ቤቱ ውስጥ ሳሙና የሚቀምሰው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሌላው መቅመስ የለበትም ብሎ የከለከለ ባይኖርም የሞከረ የለም። ሙሽሪት ግራ ቀኝ አየች፣ አንዱን ሳሙና አረጠበችና ምላሷን አስነካችው። ነከሳት። ሌላ አነሳች፤ እሱም ነከሳት። ከጫፍ አነሳች፣ ከመሃል አነሳች፣ ከታችኛው ረድፍ አነሳች። የማይናከስ አልተገኘም።

ሳሙናው ምን እንደነካው ለመረዳት ጊዜ አልወሰደባትም፤ ያስተማሯት ራሳቸው ናቸውና። የኮኮናት ዘይት ብዙ ሶዳ ይበላል፣ የሱፍ ዘይት ሆዱ ጠባብ ነው። በኮኮናቱ ፈንታ ሱፍ ሲገባ ሶዳው መቀነስ ነበረበት፤ አልተቀነሰም። ሚዛኑ የተባለውን በትክክል መዘነ፤ የተባለው ነበር የተሳሳተው። ይሄ ይሁን፣ ሰው ነው ይሳሳታል። እሷን ያስጨነቃት ሌላው ነው፦ ይህን የሚናከስ ሳሙና የቀመሰው ምላስ እንዴት ዝም አለ? ሾርባው ትዝ አላት። ሻዩ ትዝ አላት። የተነቀለው ጥርስ ትዝ አላት። የያዘችው ሳሙና ከእጇ ወደቀ።

በልቧ የሞላው ቁጣ አልነበረም። የልጆቹ ነገር አስፈራት፤ የእሷን የአዋቂ ቆዳ የከፈተው ሳሙና የእነሱን ምን እንደሚያደርገው አሰበችው። ከዚያ ደግሞ የአማቷ ነገር አስፈራት። ገበያው የሚያምነው፣ ቤቱ የቆመበት፣ እሷን ራሷን ከደም ያወጣት ያ ምላስ ሞቷል ብላ ፊታቸው ላይ የምትናገረው በየት በኩል ነው? ለብቻቸው ብነግራቸው ይሻላል ብላ ተነሳች። በሩ ጋ ስትደርስ እትዬ ሚዛን የሲስተርን እጅ ይዘው እየገቡ ነበር።

«ካርቶን ይዣለሁ» አለች ሲስተር እየሳቀች። «ግን መጀመሪያ ያን የሚባልለትን ምላስዎን ልይ። ለልጆቹ ተረት አድርጌ እነግራቸዋለሁ፣ ሳሙና የምትቀምስ እናት አለች እያልኩ።»

«ምን ተረት አለው፣ ሥራ ነው» አሉ እትዬ ሚዛን። ደስ ብሏቸዋል ግን፤ ሙሽሪት ከአንገታቸው ቀና ማለት አወቀችው። አንድ ሳሙና አነሱ፣ ጣታቸውን አረጠቡ፣ ጀርባውን አሹት፣ ምላሳቸውን አስነኩት። ሙሽሪት ፊታቸውን አየች። ቅንድባቸው እንኳ አልተንቀሳቀሰም።

«ይሂድ» አሉ።

«ይቆይ» አለች ሙሽሪት።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ የሚመልሰው የለም። በዚያች ክፍል ውስጥ ከ«ይሂድ» ቀጥሎ «ይቆይ» ያለ ሰው ኖሮ አያውቅም። ሲስተር ካርቶኗን እንደያዘች አንዴ አንዷን አንዴ ሌላዋን ታያለች። ሙሽሪት እየተንተባተበች ቀጠለች።

«ጥፋቱ የኔ ነው እማማ። ሱፉን የጨመርኩት እኔ ነኝ። አብዝቼው ነው መሰለኝ፣ ልክ አልመጣም። እኔ ነኝ ያበላሸሁት።»

«ሱፉን ጨምሪ ያልኩሽ እኔ ነኝ» አሉ እትዬ ሚዛን። ድምፃቸው ከወትሮው ዝቅ ያለ ነበር። «ሶዳውን የመዘንኩትም እኔ ነኝ። አንቺ ሶዳ መዝነሽ አታውቂም።»

ሙሽሪት መሬት መሬት አየች።

«ቀምሰሽዋል?»

«አዎ።»

«ምን አደረገሽ?»

«ነከሰኝ እማማ። ሁሉም ነከሱኝ። እጄም…» አለችና አውራ ጣቷን ልትደብቅ ስትል እትዬ ሚዛን ያዙት። ስንጥቁን ወደ ብርሃን አዙረው አዩት። ለረጅም ጊዜ አዩት።

ከዚያ ወደ ሲስተር ዞሩ። ሙሽሪት የፈራችው ይህን ነበር፤ ወይ ይቆጣሉ፣ ወይ ያመካኛሉ፣ ወይ ደግሞ ዝም ብለው ወደ ቤት ይገባሉ ብላ ነበር። እትዬ ሚዛን ሽርጣቸውን አስተካክለው ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ሲስተር፣ ይሄ ሳሙና አይሄድም» አሉ። «ጥርሴ ከተነቀለ ወዲህ ምላሴ አይሰማም። ትኩስ አላውቅ፣ ጨው አላውቅ። ለማንም አልነገርኩም። ሚዛኔ ልክ እስከሆነ ድረስ ምላሱ ትርፍ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ፤ ስቀምስ የነበረው ለታይታ ነው። ምላስ ከሌለኝ ምን አለኝ ብዬ ፈርቼ ነው። ልጆቹን ልጎዳብሽ ነበር፤ ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ሙሽሪት ብዙ ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ ሰምታለች። ፀጉር ቤት ስትሠራ ጆሮ ያቃጠለ ሁሉ ይቅርታ ይላል፤ ይቅርታው ግን ሁልጊዜ «ግን» አለበት። መብራቱ ተቆራርጦ ነው፣ አንቺ ተነቃንቀሽ ነው፣ ካስኩ አሮጌ ሆኖ ነው። የእትዬ ሚዛን «ግን» አልነበረውም። ያቺ ሴት ስንት ዓመት ያነፁትን ስማቸውን በራሳቸው አፍ እዚያው ወለሉ ላይ አስቀመጡት። ሙሽሪት ሳሙናቸው እጇን ባዳነ ቀን እንኳ እንዲህ አላከበረቻቸውም። እንባዋን በክንዷ ጠረገች፤ በእጇ ብትጠርገው ሶዳ ነው።

ሲስተር ካርቶኑን አስቀመጠች። «አሁን ታዲያ ይጣላል?» አለች።

«ሳሙና አይጣልም» አለች ሙሽሪት። «ይታረቃል።»

መፈቅፈቂያዎቹ ወረዱ። ሲስተርም ሰዓቷን ከእጇ ፈትታ ኪሷ ከተተች፣ ጓንት ተቀበለች፣ ተቀምጣ ትፈቀፍቅ ጀመር፤ የቆዳ ነርስ አይደለችም እንዴ፣ እጇ ቀላል ነው። እትዬ ሚዛን የጎደለውን ዘይት አሰሉ። ስሌቱን ግን እንደ ድሮው ለብቻቸው አላሰሉትም፤ እያንዳንዱን ቁጥር ጮክ ብለው እየተናገሩ ሙሽሪት እንድትደግመው አደረጉ። አንዴ ሙሽሪት «እሱ ትንሽ አልበዛም?» ብትላቸው ቆም አሉ፣ ደግመው አሰቡት፣ «አልበዛም፤ ለሕፃን ነው፣ ትራፊው ይብዛ» አሉ። የተፈቀፈቀው ሳሙና በቀስታ እሳት ላይ ከዘይቱ ጋር ተማሰለ። መጀመሪያ እንደ ገንፎ ጓጎለ፣ ከዚያ ጠርዙ እንደ ሰም ማብረቅረቅ ጀመረ።

ለጊዜው ለልጆቹ እንዲሆናቸው እትዬ ሚዛን ከላይኛው መደርደሪያ የከረሙትን፣ ጠርዛቸው የተሸራረፉትን ሳሙናዎች ሰብስበው ለሲስተር ሰጡ። ከመስጠታቸው በፊት ግን እያንዳንዱን ሙሽሪትን አስቀመሷት። ከጥርሱ ወዲህ የተሠሩትንም ሁሉ ከየረድፉ አወረዱና አስቀመሷት። ሙሽሪት ያን ቀን የቀመሰችውን ሳሙና እድሜ ልኳን አትረሳውም፤ ማታ ባሏ ምን እንደበላች ሲጠይቃት ከአፏ የወጣው አረፋ ነው ቢባል ውሸት አይሆንም። ደግነቱ ሌሎቹ ደህና ነበሩ፤ የተናከሰው የሱፍ ዘይቱ ብቻ ነው።

የታረቀው ሳሙና መልክ የለውም። ላዩ ጎርበጥበጥ ያለ፣ የገጠር ቤት ግድግዳ የመሰለ ነው። ተቆርጦ ተኛ። ሲስተር በቀጠሮዋ ስትመጣ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀች፤ ስለ ምላስ ምንም አልተናገረችም፣ ተረትም አላነሳች።

እትዬ ሚዛን ወደ መደርደሪያው ሄዱ። እንደ ወትሮው ከመሃል አንዱን መረጡ፣ ጣታቸውን አረጠቡ፣ ጀርባውን አሹት፣ ወደ አፋቸው አስጠግተው ምላሳቸውን አስነኩት። የስንት ዓመት ልማድ ነው፣ እጅ በራሱ ነው የሚሄደው። ምላሳቸው እንደማይሰማ ከዚያ በኋላ ነው ትዝ ያላቸው። ሳሙናውን ይዘው ቆሙ። ፊታቸው ላይ አንድ ነገር መጣና አለፈ።

ሙሽሪት ጓንቷን አወለቀች። ሄዳ ሳሙናውን ከእጃቸው ተቀበለች። አልጠረገችውም፣ ሌላ ቦታም አላረጠበችም፤ ምላሷን እሳቸው የነኩበት ላይ አሳረፈችው። እሳቸው እንደሚያደርጉት ጥቂት ዝም አለች። እትዬ ሚዛን ደግሞ በዚያች ክፍል ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው አፍ አፍ እያዩ ጠበቁ።

«ይሂድ» አለች።

እትዬ ሚዛን ጎንበስ ብለው ካርቶኑን አነሱና ለሲስተር ሰጡ።